«ቦይኮት ማድረግ» ከየት መጣ?

ቦይኮት ማድረግ ማለት አንድን ሰው፣ ድርጅት ወይም ምርጫ አድሞ ማግለል ነው። ዋናው ነገር ማደሙ ነው።

ግሱ የተወለደው ከሰው ስም ነው። ቻርልስ ቦይኮት በአየርላንድ፣ በማዮ አውራጃ የሎርድ ኧርን መሬት አስተዳዳሪ ነበር። በ1880 እ.ኤ.አ. ጭሰኞች «ኪራይ 25 በመቶ ይቀነስልን» ቢሉ እሱ ከመሬታቸው ሊያስነቅላቸው ተነሳ። አልደበደቡትም፤ ዘጉት። አጫጁ ቀረ፣ ባለሱቁ አልሸጥም አለ፣ ፖስታ አመላላሹም እግሩን ሰበሰበ። ሰብሉን እንዲያነሱ ከሌላ አውራጃ የመጡ 50 ያህል ሰዎችን 1,000 ገደማ ወታደርና ፖሊስ ጠበቃቸው፤ ወጪው (ጉድ ነው!) ከሰብሉ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆነ። ሰውየው በዓመቱ መጨረሻ አካባቢውን ለቀቀ። ጋዜጦች ግን ስሙን ያኔውኑ ግስ አድርገውት ነበር፤ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛም ሳይውሉ ሳያድሩ ወሰዱት።