አርገን «ዜሮ» አይደለም

ገላንም ሂዱ ሰበታ፣ የ9ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ደብተር ገለጥ ስታደርጉ ስለ አርገን፣ ብየዳ ቤትም ስለሚሠራበት ጋዝ፣ «የአርገን ቫለንስ ኤሌክትሮን = 0» የሚል አይጠፋም፤ አንዳንዴም በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎበት።

ዜሮው ቫለንሲው ነው። ቫለንሲ አቶሙ በተለምዶ ስንት ቦንድ እንደሚሠራ የሚነግረን ቁጥር ነው፤ ቫለንስ ኤሌክትሮን ደግሞ ውጨኛው ሼል (ኤሌክትሮኖች በኒውክሊየሱ ዙሪያ የሚደረደሩበት ንብርብር) ላይ ያለው ኤሌክትሮን ነው። ስማቸው ስለተቀራረበ ቁጥር አይዋዋሱም። የአርገን 18 ኤሌክትሮን ሲደረደር 2፣ 8፣ 8 ነው። መጨረሻው 8፤ አለቀ።

ስለ አርገን ቡድን፣ ማለትም ከሌላ ጋር እምብዛም ስለማይዋሃዱት ኖብል ጋዞች፣ «ሁሉም 8 አላቸው» የሚሉ ደግሞ ሂሊየምን ይረሳሉ። እሱ ያለው 2 ብቻ ነው።

የባሰው «ውጨኛው ሼል ስለሞላ ነው የማይነካው» የሚለው ነው። እስቲ አስሉት፦ የሼሉን ቁጥር በራሱ አባዙ፣ ከዚያ በ2። ለሦስተኛው ሼል 18 ይመጣል። አርገን እዚያ ያለው 8 ነው። ታዲያ ምኑ ሞላ? ሼሉ ኤስ፣ ፒ እና ዲ በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፤ የሞሉት የኤስ 2 እና የፒ 6 ቦታዎች ናቸው፤ የዲ 10 ቦታ ባዶውን ነው። አርገንን ጭምት ያደረገው ኒውክሊየሱ ስምንቱን ጥርቅም አድርጎ መያዙ ነው፦ አንዱን ለመንቀል 1521 ኪሎጁል በሞል ይፈጃል። ጎረቤቱ ፖታሲየም ግን 19ኛውን አራተኛው ሼል ላይ ስላስቀመጠ በ419 ይለቃል።

ከቡድኑ ወደ ታች ስትወርዱ ይህ ጉልበት ይቀንሳል፤ ዜነን ላይ 1170 ነው። «ኖብል ጋዝ ኮምፓውንድ አይሠራም» የሚለውም የወደቀው በዚሁ ነው። ኬሚስቱ ኒል ባርትሌት ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ውህድ ከኦክስጅን ሞለኪውል ኤሌክትሮን ሲነጥቅ አየ። ከኦክስጅን ሞለኪውል ኤሌክትሮን ለመንቀል የሚፈጀው ጉልበት ከዜነን ጋር እኩል ለማለት ይቻላል፤ እናም እ.ኤ.አ. በ1962 በዜነን ሞከረው፣ ሠራ።

ብየዳ ቤት የሚሰማው «አርገኑ ተበላሽቷል» እንኳ ከዚህ አያመልጥም። አርገን ሲሊንደር ውስጥ አይበላሽም። ስቴንለሱ ጠቁሮ ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ በክፍት በር የገባ ንፋስ ጋዙን ገፎት አየር ነክቶታል። ፍሰቱን በደቂቃ ከ8 እስከ 12 ሊትር አድርጉ፤ ከልክ በላይ ከከፈታችሁት ራሱ አየር እየሳበ ያስገባል። የጎማውን መገጣጠሚያ በሳሙና ውሃ ፈትሹ። መርዝ ነው የሚሉትም ተሳስተዋል፤ ነገር ግን ከአየር ስለሚከብድ ታንከር ውስጥ ይተኛና ኦክስጅኑን ያስወጣል፣ ሽታም የለውም። ታንከር ውስጥ የሚበይድ ሰው አየር ማስገቢያ ማራገቢያ ሳይከፈትለት፣ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር አይግባ።