ስለ ፊንላንድ የሚነገሩ ግማሽ እውነቶች እና ሙሉው እውነታ

ስለ ፊንላንድ በማኅበራዊ መገናኛዎች ከሚዘዋወሩት ወሬዎች ብዙዎቹ ከመሬት ተነሥተው የተፈጠሩ አይደሉም። የሰሜኑን ጫፍ እውነት ለመላው አገር፣ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረውን ደግሞ ለዛሬ እያደረጉ ስለሚያቀርቡ ግን አንባቢውን ከፈጠራ ወሬ ባልተናነሰ ያሳስታሉ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የተለመደው «ፊንላንድ ስድስት ወር ጨለማ፣ ስድስት ወር ብርሃን ነች» የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ዓመት የሚታየው በሰሜን ዋልታ ላይ እንጂ በፊንላንድ አይደለም። በአገሪቱ ሰሜናዊ ጫፍ በምትገኘው በኡትስዮኪ እንኳ ፀሐይ ጨርሶ የማትወጣው በእኛ ወራት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ፣ ለሃምሳ ቀን ያህል ብቻ ሲሆን፣ በእነዚያም ቀናት እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ወገግ ይላል። ከሕዝቡ አብዛኛው የሚኖረው በደቡብ ነው፤ በሄልሲንኪ በዓመቱ እጅግ አጭር በሆነው ቀን ፀሐይ ስድስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ከአድማስ በላይ ትቆያለች፣ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ለ19 ሰዓት ያህል አትጠልቅም። ነዋሪዎቹ ይበልጥ የሚያማርሩት በረዶ ገና ሳይጥል ዝናብና ጭጋግ የሚፈራረቁበትን የጥቅምት መጨረሻና የኅዳር ወቅት ነው፤ በረዶው ከጣለ በኋላ ያለችው ጥቂት ብርሃን ስለምትንጸባረቅ አገሩ ይፈካል። ብርዱም ቢሆን የዓመት ሙሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በኪቲላ ወረዳ ከዜሮ በታች 51.5 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ በ2010 ግን በዮኤንሱ አውሮፕላን ማረፊያ 37.2 ዲግሪ ደርሷል፤ ይህም አዲስ አበባ የማታውቀው ሙቀት ነው።

የዋልታ ድብ በፊንላንድ ዱር የለም። በደኑ ውስጥ ያለው ቡናማ ድብ ነው፤ እሱም ከሰው የሚሸሽ ስለሆነ ዕድሜውን ሙሉ በገጠር ኖሮ ድብ ያላየ ፊንላንዳዊ ብዙ ነው። በሰሜኑ ክልል በላፕላንድ መንገድ ላይ እንደ ልባቸው የሚንሸራሸሩት ሬንዲሮችም (የብርድ አገር አጋዘኖች) የዱር እንስሳት ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ጆሯቸው ላይ በተቆረጠ ምልክት የሚታወቅ ባለቤት አላቸው። በዱር የሚኖር ሌላ የሬንዲር ዝርያ አለ፤ የሚገኘው ግን ከዚያ ወደ ደቡብ፣ እንደ ካይኑ ባሉ አካባቢዎች ነው።

«ደኑ የማንም ስለሆነ ሁሉም እንደፈለገ ይጠቀምበታል» የሚለው አባባል የመነጨው የሁሉም ሰው መብት ከሚባለው ልማድ ነው። በዚህ መብት ማንኛውም ሰው፣ የውጭ አገር ዜጋም ጭምር፣ በሌላ ሰው ደን ውስጥ መራመድ፣ የዱር እንጆሪና እንጉዳይ መልቀም፣ ለአንድ ለሁለት ሌሊትም ድንኳን መትከል ይችላል። ይሁን እንጂ ከአገሪቱ መሬት ከ70 በመቶ በላይ ከሚሸፍነው ደን ከግማሽ የሚበልጠው የግለሰቦችና የቤተሰቦች ንብረት ነው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እሳት ማንደድ፣ ዛፍ መቁረጥ፣ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ወደ ሰው ግቢ መጠጋትም እንዲሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሳውና ሲባል ከስቲም፣ ከማሳጅና ከሞሮኮ ባዝ ጋር አብሮ የሚሸጥ የመዝናኛ አገልግሎት ትዝ ይለናል፤ አንዳንዱም ነገሩን ከብልግና ጋር ያያይዘዋል። በፊንላንድ ሳውና የቤት አካል ነው። ለ5.6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሳውና እንዳለ ይገመታል፤ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ ለየቤተሰቡ ሳምንታዊ ተራ የሚደለደልበት የጋራ ሳውና የተለመደ ነው። ሰው ራቁቱን መግባቱ እውነት ነው፤ ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጅ ውጭ ግን ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይገባሉ፣ ባህሪውም የታረመ ይሆናል። ከውኃና ከሙቀት ጋር ንጽሕናው የተጠበቀ ክፍል ስለነበር፣ የሆስፒታል ወሊድ ከመስፋፋቱ በፊት የገጠር ሴቶች የሚወልዱት፣ የሞተ ሰው አስከሬንም የሚታጠበው በዚያው ነበር። ዩኔስኮ በ2020 በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህንን ልማድ ነው።

መጠጥን በተመለከተ «ከቮድካ ሌላ አያውቁም» ይባላል። አገሪቱ ከ1919 እስከ 1932 አልኮል በሕግ የከለከለች ስትሆን፣ ዛሬም ጠንካራ መጠጥ በችርቻሮ የሚሸጠው አልኮ በተባለው የመንግሥት ሱቅ ብቻ ነው። የዕለት ተዕለቱ መጠጥ ቡና ነው፤ ፊንላንዳውያን በነፍስ ወከፍ የቡና ፍጆታ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ናቸው፣ የቡና ዕረፍትም በብዙ የሠራተኞች የኅብረት ስምምነቶች ውስጥ የተጻፈ መብት ነው። አቆላላቸው እጅግ የሳሳ ስለሆነ የእኛ አገር ሰው «ይህ ገና አልተቆላም» ቢል አይፈረድበትም።

ፊንላንድ ከ2018 እስከ 2025 በየዓመቱ በዓለም የደስታ ሪፖርት አንደኛ መውጣቷ «ሕዝቡ ሁልጊዜ ይስቃል» ወይም በተቃራኒው «ሪፖርቱ ውሸት ነው» የሚሉ ሁለት ስሕተቶችን ወልዷል። ደረጃው የሚወጣው ሰዎች ሕይወታቸውን ከ0 እስከ 10 ባለው መሰላል ላይ የት እንደሚያስቀምጡት በመጠየቅ ነው፤ ስለ ሳቅና ፈንጠዝያ የሚናገረው የለም። ራሱን የሚያጠፋው ሰው ብዛት በ1990 አካባቢ ከዓለም ከፍተኛዎቹ መካከል እንደነበረም እውነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በተደረገ አገር አቀፍ ጥረት ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

በእኔ አስተያየት ለእኛ አንባቢ ይበልጥ ጎጂ የሆኑት ስለ ትምህርት የሚነገሩት ናቸው። የቤት ሥራ የለም ይባላል፤ ቀለል ያለ ቢሆንም አለ። ፈተና የለም ይባላል፤ በመሠረታዊ ትምህርት ውስጥ አገር አቀፍ ፈተና ባይኖርም መምህራን በየክፍሉ ይፈትናሉ፣ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ላይ ደግሞ ከ1852 ጀምሮ ያለው ብርቱ ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃል። የትምህርት ዓይነቶች ተሰርዘዋል የሚለው ወሬ የመጣው በ2016 ሥራ ላይ ከዋለው ሥርዓተ ትምህርት ሲሆን፣ ሰነዱ ያዘዘው ተማሪዎች በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የተለያዩ ትምህርቶችን አጣምሮ የያዘ ጥናት እንዲሠሩ ብቻ ነው፤ ሒሳብና ታሪክ በየቦታቸው አሉ። «በዓለም አንደኛ» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል፤ የ15 ዓመት ተማሪዎች ችሎታ በብዙ አገሮች በሚለካበት ፒዛ (PISA) በተባለው ምዘና የሒሳብ ውጤታቸው በ2006 ከነበረበት 548 ነጥብ በ2022 ወደ 484 ወርዷል። ይህ ውድቀት በአገሪቱ ውስጥ በይፋ የሚያወያይ ጉዳይ ነው።

«ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ነፃ ነው» በሚል የሚሰራጨው ማስታወቂያም ከ2017 ክረምት ወዲህ አይሠራም። ከአውሮፓ ኅብረትና ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ የመጡ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ለሚሰጥ የመጀመሪያና የማስተርስ ዲግሪ ትምህርት ይከፍላሉ፤ ክፍያው በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ከ10 ሺህ ዩሮ ይበልጣል። በፊንላንድኛ ወይም በስዊድንኛ የሚማርና የዶክትሬት ተማሪ ይህ ክፍያ አይመለከተውም። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰው ከየዩኒቨርሲቲው የስኮላርሺፕ ደንብ ላይ የክፍያው ቅናሽ ስንት እንደሆነና በሁለተኛው ዓመት ይቀጥል እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት አለበት፤ ቅናሹ የትምህርቱን ክፍያ እንጂ የኑሮውን ወጪ የማይሸፍንበት ጊዜ ብዙ ነውና።