የወርቅ ናኖ ዘለላ ምንድን ነው? አሚኖ አሲድንስ እንዴት ያገኛል?

ወርቅ ያብረቀርቃል እንጂ ከራሱ ብርሃን አያወጣም። ቀለበታችሁን ባንክ ቤት ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት በዚያ ሐምራዊ መብራት ሥር ብታስቀምጡት ምንም አይሆንም። ያንኑ ወርቅ ግን እያሳነሱ እያሳነሱ ከ2 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በታች ሲያደርሱት፣ ሃያ ሠላሳ አቶም ብቻ እንደ ወይን ዘለላ ሲሰባሰብ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ትልቁ ወርቅ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደልባቸው ይፈስሳሉ፤ ዘለላው ውስጥ ግን ቦታ ይጠባቸዋል፣ እንደ ደረጃ በተራራቁ የኃይል እርከኖች ላይ ብቻ ይቆማሉ። እንደዚያ ሐምራዊ መብራት ያለ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍባቸው ወደ ላይ ይዘላሉ፣ ሲወርዱ ደግሞ ከያዙት ኃይል ከፊሉን በብርሃን መልክ ይለቁታል። ፍሎረሰንስ የሚባለው ይሄ ነው።

አሠራሩ እንደ ሊጥ ማሳደር ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። በ2009 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች የወርቅ ጨውን ከላም ደም ከሚገኝ አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ቀላቀሉ፣ አልካሊ ጨመሩበት፣ ከዚያ በ37 ዲግሪ ሙቀት ለ12 ሰዓት ያህል ተዉት። 25 ገደማ የወርቅ አቶም የያዘ፣ ቀይ የሚያበራ ዘለላ ወጣላቸው። ፕሮቲኑ ወርቁን አቅፎ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ አሚኖ አሲዱ። አሚኖ አሲዶች የፕሮቲን መገንቢያዎች ናቸው፤ ከነሱ አንዱ ሲስቴይን ጫፉ ላይ ነፃ ድኝ አለው፣ ድኝ ደግሞ ብረታ ብረት ሲያይ አያስችለውም። አንዱ ዘዴ እንዲህ ነው፦ ዘለላው ላይ የሜርኩሪ ጨው ጠብ ሲያደርጉ ብርሃኑ ይጠፋል። ሲስቴይን ሲገባ ሜርኩሪውን ጎትቶ ይወስድና ብርሃኑ ይመለሳል። ምን ያህል እንደተመለሰ ለክቶ የሲስቴይኑን መጠን ማወቅ ይቻላል። ከብር በተሠሩ ዘለላዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ሲስቴይኑ ራሱ ብሩ ላይ ተጣብቆ ያጠፋዋል።

ለዚህ ዘዴ የሚሰጠው «የአሚኖ አሲድ ሴንሰር» (ጠቋሚ) የሚለው ስም ግን ትንሽ ተጋንኗል፣ በኔ እይታ። ፕሮቲን ከሚሠሩት 20 አሚኖ አሲዶች ውስጥ ይሄ ዘዴ በደንብ የሚይዘው ያንን ነፃ ድኝ ያለውን ነው። ሌላው አሚኖ አሲድ ሜታዮኒንም ድኝ አለው፣ ግን በሁለት ካርቦን መሃል ተቆልፎበታል። ሰውነታችን ውስጥ የሚገኙት ሆሞሲስቴይንና ግሉታታዮን የሚባሉ ሌሎች ውህዶች ደግሞ ነፃ ድኝ ስላላቸው ሴንሰሩን ያታልሉታል፣ ግሉታታዮን ሴሎቻችን ውስጥ ሞልቶ የተረፈ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ሲስቲኑሪያ በሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ኩላሊት ውስጥ ጠጠር የሚሆነው ሲስቲን ነው፣ ሁለት ሲስቴይን በድኛቸው ተያይዘው የሚፈጥሩት። ድኙ እዚያ ተይዟል። ስለዚህ የታማሚውን ሽንት ለመመርመር መጀመሪያ ሁለቱን በኬሚካል ማላቀቅ ያስፈልጋል፣ ያ ኬሚካል ራሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነፃ ድኝ ያለው ስለሆነ እሱም ሴንሰሩን ሊያታልል ይችላል።