ኮረብታና ሸለቆ ያለባት አገር

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከለመደው ምድር ወጥቶ በሌላ አገር ኑሮ የጀመረ ሰው ከቋንቋው አስቀድሞ ሰማዩ እንግዳ ይሆንበታል፤ ብርዱና ሙቀቱ፣ ዝናቡና ፀሐዩ እርሱ በሚያውቀው ወር አይመጡም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 11 ከቁጥር 10 እስከ 12 ያለው የሙሴ ቃል የተነገረው እንዲህ ላለ ሕዝብ ነው።

ሙሴ በሞዓብ ሜዳ ሆኖ ሁለት አገሮችን ያነጻጽራል። በግብፅ ሰው የዘራውን በእግሩ ድካም ያጠጣ ነበር፤ እስራኤላውያን የሚወርሷት የከነዓን ምድር ግን ኮረብታና ሸለቆ ያለባት፣ የሰማይን ዝናብ የምትጠጣ ናት። ልዩነቱ ታላቅ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርድ መንገደኛ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ተራራ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ያህል ወደሚገኝ ቆላ ይደርሳል። ከምዕራብ ከታላቁ ባሕር፣ ከሜዲትራኒያን፣ የሚመጣው ደመና ዝናቡን በተራራው ላይ ስለሚያራግፍ፣ በስተ ምሥራቅ ያለው የይሁዳ ምድረ በዳ የሚያገኘው ጥቂት ነው። የፊተኛው ዝናብ በጥቅምት አካባቢ ይጀምራል፤ የኋለኛው በመጋቢትና በሚያዝያ ይጥላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ሰማዩ ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። ግብፅን ያጠጣ የነበረው የዓባይ ሙላትም በሩቅ ደጋ የዘነበ ዝናብ ነው። ገበሬው ደመናውን ሳያይ ውኃውን ብቻ ስለሚቀበል፣ መስኩን ያለመለመው የገዛ እግሩ ሊመስለው ይችላል። ከነዓን የገባው ሕዝብ የተለየ አምላክ አላገኘም፤ ቀድሞ ተሰውሮበት የነበረው የእግዚአብሔር ስጦታ በዓይኑ ፊት ወረደለት እንጂ። ቦይ መቅደድ የለመደ እጅ አሁን ደመናን መጠበቅ መማር ነበረበት፤ ይህ ትምህርት ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ከእርሻው ይልቅ ለልቡ ከባድ ነው።

ስለዚህ በአዲሱ አገር የቀድሞ ብልሃታችሁ አልሠራ ሲላችሁ፣ የወቅቱም ጠባይ ሲያስጨንቃችሁ፣ እግዚአብሔር በቀድሞው ምድር እንደ ቀረ አትቍጠሩ። ሙሴ ስለዚያች ምድር ሲናገር የአምላክ ዓይን ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በእርስዋ ላይ ነው ይላል፤ አንድም ጠብታ የማይወርድባቸውን እነዚያን የሰኔና የሐምሌ፣ የነሐሴም ቀኖች ከዚህ አላወጣቸውም።