የሕይወት ባጅ ምንድን ነው?

ባጅ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ነው። የሕይወት ባጅ ሌላ ነው። ኢንተርኔት ላይ በስማችሁ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ምስል ሲሆን፣ ያለፋችሁበትን አንድ ነገር ያመለክታል፤ "ዋና ተማርኩ"፣ "ሲጋራ አቆምኩ"፣ "አባት ሆንኩ"። ባጁን ትወስዳላችሁ፣ ከሥሩ ታሪካችሁን ትጽፋላችሁ። ያንኑ ባጅ የወሰዱ ሰዎችም ያነቡታል።

ነገሩ ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ እንግሊዝ ውስጥ ያለውን የካንተርበሪ ካቴድራል የተሳለሙ ምእመናን ከእርሳስና ከቲን የተሠራች ትንሽ ምልክት ገዝተው ኮፍያቸው ላይ ይሰኩ ነበር። ልጆችን ካምፕና ልዩ ልዩ ሙያ የሚያስተምረው ማኅበር አባላት የሆኑት የአሜሪካ ስካውቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተሙት መመሪያ 57 ዓይነት ባጆች ነበሯቸው። ዋና አለ፣ ምግብ ማብሰል አለ፣ ንብ ማነብ እንኳን አለ።

ትልቁ ልዩነት ስካውቱን የሚፈትነው ሰው መኖሩ ነው። የሕይወት ባጅ ፈታኝ የለውም። "ሐዘን ደረሰብኝ" ያለን ሰው ማን ይፈትነዋል? ስለዚህ ባጁን ባጅ የሚያደርገው ታሪኩ ነው። ታሪክ የሌለው ባጅ ለእኔ ስዕል ብቻ ነው።

እኔ ዋና የተማርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። የገንዳውን ዳር ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ለሦስት ቀን አልለቅም አልኩ። አጠገቤ ትንንሽ ልጆች እንደ ዓሣ ይጠልቃሉ። በአራተኛው ቀን መጀመሪያ አንድ ጣቴን፣ ቀጥሎ አንድ እጄን ለቀቅኩ። ይህን ስጽፍ አንዲት የማላውቃት ሴት "እኔ እኮ እስካሁን ብረቱ ላይ ነኝ" ብላ መለሰችልኝ። እንዲህ ያለውን መልስ ባጁ ብቻውን አያመጣውም።

አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ ስዕል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አጠኑ። ለአንዳንዶቹ "ከሳላችሁ የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለበት ሰርተፍኬት ታገኛላችሁ" አሏቸው። ከሳምንት በላይ ቆይተው ሲያዩአቸው፣ ሽልማት እንደሚያገኙ ቀድመው የተነገራቸው ልጆች ለስዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባጅ ለመሰብሰብ ብሎ ተራራ የሚወጣ ሰውም እንዲሁ ተራራውን እንዳይጠላው እሰጋለሁ። ቢቻል መጀመሪያ መኖር፣ ባጁ ከዚያ ይድረስ።

ሌላው፣ ታሪካችን የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። በፍቺ ታሪክ ውስጥ ሌላኛው ሰው አለ፣ ልጆችም አሉ። ስም ማውጣት አያስፈልግም፤ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ባይጻፍ ይሻላል። እኔም "እናቴን አስታመምኩ" የሚለውን ባጅ ከወሰድኩ ቆየሁ። ከሥሩ ግን ባዶ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ እህቴም ነበረች፤ መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት።