ኤፒጄኔቲክስ ምንድን ነው? የቲማቲም መቅላት ሚስጥር

ቱሉ ዲምቱ፣ ከመንገዱ ዳር ጉሊት የዘረጋችው ደንበኛዬ ገና ስታየኝ «ለሰላጣ ነው ለወጥ?» ትለኛለች። ለሰላጣ ካልኩ ጠንከር ያለውን፣ ለወጥ ካልኩ ቀልቶ የላላውን ትመርጥልኛለች። ሁለቱም በአንድ ሳጥን የመጡ፣ ምናልባትም ከአንድ ተክል የተለቀሙ ናቸው። ዘረ መላቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ቀልቶ ሌላው አረንጓዴ የቀረው ለምንድን ነው?

ትምህርት ቤት የተማርነው መልስ ኤቲሊን ነው፤ ፍሬው ራሱ የሚያመነጨው፣ መብሰልን የሚያስጀምር ጋዝ። ልክ ነው፤ ግን ዘሩ ገና ያልደረሰ ለጋ ቲማቲም ኤቲሊን ቢነፋበትም እሺ ብሎ አይቀላም። አንድ ነገር ይዞታል።

የያዘውን ነገር የሚያጠናው ኤፒጄኔቲክስ ነው። የዘር መመሪያው የተጻፈበት የዲኤንኤው ፊደል ሳይለወጥ፣ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል እላዩ ላይ እየተለጠፈ ጂኑን (ዘረ መሉን) ዝም ያሰኘዋል። እኔ የሚታየኝ የተመረገ የጠላ ጋን ነው፤ ጠላው ውስጡ አለ፣ ምርጉ ካልተነሳ ግን አይቀዳም።

ቲማቲም ምርጉን የሚያነሳለት ኢንዛይም አለው። ተመራማሪዎች ይህን ኢንዛይም ሲያጠፉበት ፍሬው አልበስል አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነ ጥናት ደግሞ ሜቲል እንዳይለጠፍ የሚከለክል ኬሚካል ለጋ ፍሬ ውስጥ በመርፌ ቢያስገቡ፣ ዘሩ ሳይደርስ ቀላ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አድጎ አድጎ የማይቀላው የቲማቲም ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ምክንያቱ ሲታወቅ፣ አንዲት ፊደል እንኳ አልተሳሳተችም፤ አንድ ጂን አጠገብ ሜቲሉ በዝቶ ነው። ይህ ምርግ ደግሞ በዘር ይተላለፋል! (በኋላ ያንኑ ጂን ራሱን ቢቆርጡት ፍሬው ያን ያህል አልተጎዳም፤ ስለዚህ ነገሩ በአንድ ጂን አያልቅም።)

ብርቱካን ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እየበሰለ ሲሄድ ሜቲሉ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ለኛ ቤት የሚጠቅመው ግን የፍሪጁ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ የበሰለ ቲማቲም በ5 ዲግሪ ለ8 ቀን ሲቀመጥ ምርጉ በከፊል ተመልሶ ታይቷል፤ መዓዛ የሚሠሩት ጂኖችም ደክመዋል። ወደ ክፍል ሙቀት ቢመለስ እንኳ መዓዛው እንደነበረ አልተመለሰም። ደንበኛዬ ፍሪጅ የላትም፤ ቲማቲሟ የሚያድረው በእርጥብ ጆንያ ሥር ነው። የሰላጣዬን ቲማቲም ከእሷ የምገዛው በዚህ ነው።