«ባያድነንም» ያሉት ልጆች

የተወደዳችሁ የድሬዳዋና የሐረር ምእመናን፣ እንኳን ከታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል በሰላም ተመለሳችሁ። የደንገጎን ዳገት በእግራችሁ የወጣችሁትን፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ።

ይሁንና መንገድ ላይ የሰማሁት ክርክር አሳዝኖኛል። አንዱ «ስለቴን አስገብቻለሁ፤ የቀረው የገብርኤል ፋንታ ነው» ይላል። ሌላው ኤፌሶን 2፥8ን ጠቅሶ «የዳንነው በጸጋ ነው፤ ሥራ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይመልስለታል። ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ ቢያነብ «መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን» የሚለውን ባገኘ ነበር። ምን ይደረግ፣ ጥቅስ የምናጠናው ለመርታት ሆኗል።

በዓሉን ያከበርንላቸው ሠለስቱ ደቂቅ፣ ገብርኤል ከእሳት እቶን ያወጣቸው ሦስቱ ልጆች፣ በንጉሡ በናቡከደነፆር ፊት የተናገሩትን አስቡ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለውም «እርሱ ባያድነን» እንኳ ለወርቁ ምስል አንሰግድም አሉ። ይህን ሲሉ መልአኩ ገና አልወረደም፤ እቶኑም ሰባት እጥፍ እንዲነድ የታዘዘው ከዚህ በኋላ ነው። አለመስገዳቸው ሥራ ነው፤ ያውም ነፍሳቸውን የሰጡበት። ነገር ግን ለመዳናቸው ዋጋ አድርገው አላቀረቡትም፤ ባያድነንም ብለዋልና። እምነታቸው በአፍ ብቻ ቢሆን ደግሞ መለከቱና እንቢልታው ለስግደት ሲሰማ ከሕዝቡ ጋር ወድቀው በሰገዱ ነበር። ታዲያ እምነታቸውን ከሥራቸው በየት በኩል እንለየዋለን? ያዕቆብስ «ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው» ሲል ከዚህ ሌላ ምን አለ?

እኛ ግን ጃንጥላና ሻማ ይዘን ስንወጣ የቤት ሠራተኛችንን ደመወዝ ሳንከፍል የወጣን አለን። «ከበዓል በኋላ» እያልን! የተከለከለ ደመወዝ እንደሚጮኽ ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ጽፎልናል፤ ያ ጩኸት ከእልልታችን ቀድሞ ይደርሳል። ስለት መሳል ነውር አይደለም፤ ድኻ በድለን በስለት መሸፈን ግን መልአኩን የበደላችን ተባባሪ ማድረግ ነው።

አንቺ ግን ልጅ ለምነሽ፣ ስለትሽ ሳይሰምር ዘንድሮም የወጣሽ እኅቴ፣ አይዞሽ። «እምነትሽ ቢጎድል ነው» ያሉሽን አትስሚ። ሳይሰጥሽ ደግመሽ መምጣትሽ፣ ልጆቹ «ባያድነንም» ብለው የቆሙበት ቦታ ላይ መቆም ነው። በእምነት የጎደልሽ አይደለሽም።

እንዲያ ያላችኋትም ሂዱና ይቅርታ ጠይቋት። በዚያው ጓዳዋን ጠይቁ፤ ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ።